ልጄ ወደ ሮኬቱ ስትሄድ

ብዙ መጻፍ አልችልበትም። ሥራዬ ልብስ መስፋት ነው። ይህን ግን ሳልጽፍ ብቀር እግዚአብሔር ያደረገልኝን የደበቅኩ ይመስለኛል። ስለዚህ እንደ ሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ፤ ታገሡኝ።

ምሕረት እባላለሁ። የምንኖረው ዲላ ነው። ባለቤቴ ታደሰ ኮንጋ በሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ስለሆነ፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅት እዚያው ይሰነብታል። ልጃችን አንድ ናት፤ ሊዲያ። ይህ በሆነ ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።

ሊዲያ አትሰማም። ስትወለድ ትሰማ ነበር። በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ያዛትና ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። ነፍሷ ተረፈች። ከሆስፒታሉ ስንወጣ ከኋላዋ ሆኜ ጠራኋት፤ አልዞረችም። “እማ”፣ “ውሃ”፣ “እንቢ” የሚሉት ቃላት ጥቂት ወራት አብረዋት ቆዩ። ከዚያ እነሱም ሄዱ።

እኔ አማኝ ነኝ። እግዚአብሔር ይፈውሳታል ብዬ አመንኩ፤ ዛሬም እንደሚችል አምናለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የፈውስ ጸሎት አለ በተባለበት ሁሉ ይዣት ሄድኩ። ሐዋሳ፣ ሻሸመኔ፣ ገደብ፣ ይርጋጨፌ። በድንኳን ውስጥ፣ በሜዳ ላይ፣ በሰው ሳሎን። እጅ ይጫኑባታል፣ ዘይት ይቀቧታል፣ ከጆሮዋ አጠገብ ያጨበጭባሉ። እሷ ዓይኗን ወደ እኔ ታነሳለች። እኔ አለቅሳለሁ። ወደ ቤት እንመለሳለን።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የምልክት ቋንቋ አልተማርኩም።

እሷ ትማር ነበር። ትምህርት ቤቷ ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች አንድ ክፍል አለ። መምህርታቸው ፈቲያ ትባላለች። አባቷ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ነጋዴ ናቸው፤ ክርና ቁልፍ የምገዛው ከእሳቸው ነው። ፈቲያ ገና ሠላሳ ያልሞላት ሳቂታ ልጅ ናት። በየቅዳሜው ጠዋት ለወላጆች ምልክት ታስተምራለች። ስንት ጊዜ ጠራችኝ።

“እትዬ ምሕረት፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ሻይ ከነብስኩቱ በእኔ።”

“ፈቲያ፣ አታስጨንቂኝ። እኔ ምልክት ከተማርኩ፣ አምላኬን ‘አትፈውሳትም፤ ገብቶኛል’ ማለቴ ነው።”

“እኔም እኮ አምላክ አለኝ እትዬ” ትለኛለች እየሳቀች። “ግን መልሱ እስኪመጣ ከልጆቹ ጋር አወራለሁ።”

 ቤት ውስጥ እኔና ሊዲያ ጥቂት የእጅ ጥቆማ ነበረን። ብይ። ተኚ። ነይ። ልብስሽን ቀይሪ። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲመጣ እኔ በአፌ አወራለሁ፣ እሷ አፌን ታያለች፣ የተግባባን መስለን እናልፈዋለን። ይበቃል ብዬ አምን ነበር። ጊዜያዊ ነው፤ ነገ ትሰማለች።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ኅዳር ውስጥ፣ ፈቲያ አንድ ካርቶን አቅፋ ቤቴ መጣች። አምስቱ ተማሪዎቿ ከኋላዋ ተከትለዋታል። ሊዲያ ከሁሉም ቀድማ ገብታ፣ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ጨርቅ ሁሉ ወደ አልጋው ወረወረችው።

“ምንድን ነው ይሄ?” አልኩ።

“ሮኬት ነው እትዬ። ባለ ሁለት ደረጃ።”

“በጌታ ስም! የምን ሮኬት?”

“አይፍሩ። ለተማሪ የሚሆን ትንሽዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር መጥቶ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ሲሄድ ለትምህርት ቤታችን ተወው። ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጦ አይጥ ፓራሹቱን በላው። እርስዎ ደግሞ ልብስ ይሰፋሉ። እንዲህ ያለ ትልቅ ጠረጴዛም እኛ ጋ የለም።”

“ይጮኻል?”

“ሲነሳ ፍሽሽ ይላል። ልጆቹ ባይሰሙትም ያዩታል። ለእነሱ የመረጥኩት ለዚያ ነው።”

እንዲህ ሆኖ ሮኬቱ እኔ ቤት ተሠራ። ከትምህርት ቤት መልስ አምስቱም ይመጣሉ። ቤቴ በአምስት ልጅ ተሞልቶ አንድ ቃል የለም፤ እጅ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እነሱ በእጃቸው ይቀልዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። እኔ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ። በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንኩት እኔ ነበርኩ፤ ያኔ ግን እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም።

ዕቃው እንዳየሁት ተራ ነገር ነው። የወረቀት ቱቦ፣ እንደ ላባ የሚቀል እንጨት፣ ኮላ፣ አንድ ሹል የፕላስቲክ ጫፍ። ባሩዱ በጣት የሚያህሉ ሞተሮች ውስጥ ታሽጎ የመጣ ነው፤ እሱን ፈቲያ ትምህርት ቤት ቆልፋበታለች። ሊዲያ ክንፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች። አለስልሳ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳለች፣ በአንድ ዓይኗ ታያለች፣ እንደገና ታለሰልሳለች። የእኔ እናት የበፍታ ጥልፍ ስትመረምር እንዲህ ነበረች።

አንድ ቀን ሁለት ደረጃ ማለት ምን እንደሆነ ልታስረዳኝ ፈለገች። ታችኛውን ቱቦ በግራ፣ ላይኛውን በቀኝ እጇ ያዘች፤ ገጠመቻቸው። ወደ ላይ አነሳቻቸው። ደረቷ ጋ ሲደርሱ ታችኛውን ለቀቀችው፤ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያ ጉንጯን ነፍታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ላይኛውን ይዛ ወንበር ላይ ወጣች። ከወንበሩ ጠረጴዛ ላይ። ጣሪያውን ነካች።

ገባኝ። የታችኛው እሳት ሲያልቅ የላይኛውን ለኩሶ ይወድቃል፤ የላይኛው ይቀጥላል። አጨበጨብኩ። እሷ ደስ ብሏት ከጠረጴዛው ሳትወርድ በምልክት ቀጠለች፤ ረጅም ነገር፣ ፈጣን ነገር። ገብቶኛል ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። አልገባኝም ነበር። እሷም አወቀች። ቀስ ብላ ወረደችና ሥራዋን ቀጠለች።

ፓራሹቱን ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ሰፋሁት። ሊዲያ በመዳፏ መዘነችውና አፍንጫዋን ነፋች፤ ከበደኝ ማለቷ ነው። ፈትቼ ከስስ የሐር ሻርፕ እንደገና ሰፋሁ። የክር ማጠንጠኛ አስራበት ከወንበር ላይ ለቀቀችው። ተከፈተ። እየተንሳፈፈ ወርዶ እግሬ ሥር ቁጭ አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ያን ቀን አብረን የሳቅነውን አልረሳውም።

ገና አልፎ ጥር ገባ። ፈቲያ ቀበሌና ፖሊስ ጋ ተመላልሳ ፈቃድ አወጣች። እኛ አካባቢ ሰው ክፉ ጊዜ አሳልፏል፤ የማያውቀው ነገር ሰማይ ላይ ቢያይ ይደነግጣል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ተነገረ፤ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ልጆች ሮኬት ስለሚያስወነጭፉ አትደንግጡ ተባለ። ቦታውን የሰጡን ጋሽ በራሶ ናቸው። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ከከተማው ዳር ቡናና እንሰት ያላቸው ደግ የጌዴኦ አባት። ከእንሰታቸው ወዲያ ከብት የሚግጥበት ሜዳ አላቸው።

ሐሙስ ዕለት የጸሎት ጓደኛዬ አስቴር መጣች።

“እህት ምሕረት፣ ደስ ይበልሽ! ቅዳሜ ይርጋጨፌ ታላቅ የፈውስ ፕሮግራም አለ። ይዘሻት ነይ። እኔ ልቤ ነግሮኛል፣ የዘንድሮው ልዩ ነው።”

“ቅዳሜ የሮኬታቸው ቀን ነው።”

“የምን?” አለች አስቴር። ነገርኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። “ጆሮዋ ይበልጣል ወይስ ርችት?”

 ቦርሳ አውጥቼ የሊዲያን ልብስ አጣጥፌ ከተትኩ። ሊዲያ ቦርሳውን አየች። ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ አሥራ አንድ ዓመት አይታዋለች። ልብሱን አንድ በአንድ አውጥታ ወደ መደርደሪያው መለሰች። ከተትኩ። መለሰች። ከተትኩ። መለሰች። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። በመጨረሻ ጣቴን ወደ ሰማይ አስወነጨፍኩላት፤ መጀመሪያ ሮኬቱ። ከዚያ መሪ እንደሚያዞር ሰው አደረግኩ፤ ቀጥሎ መኪናው። ለረጅም ጊዜ አየችኝና አንዴ ብቻ ራሷን ነቀነቀች።

ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳውን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ወደ ይርጋጨፌ የሚሄደው ሚኒባስ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር።

ከትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ተጭኖ መጥቷል። ወላጆች፣ መምህራን፣ አንድ ፖሊስ፣ የሰፈሩ ሕፃናት። ርዕሰ መምህሩ ንግግር አደረጉ። ጋሽ በራሶ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጸለዩ። ከዚያ ሊዲያን ትከሻዋን ይዘው ለሕዝቡ አሳዩአት።

“ይሄ ሊዲያ ጎበዝ ነው! ክንፉን የሠራው እሱ ነው!”

ሰው ሳቀ። ጋሽ በራሶ አማርኛ ሲናገሩ ሴትና ወንድ ይደባለቅባቸዋል፤ ሁላችንም እንወደዋለን። ሊዲያ ሰው መሳቁን አይታ እሷም ሳቀች።

አሁን የሚሆነው እንዲገባችሁ አሠራሩን ልንገራችሁ። ሮኬቱ የቆመው በቀጭን የብረት ዘንግ ላይ ነው። ከሥሩ መለኮሻ ሽቦ ይወጣል። መለኮሻው በሁለት መቆንጠጫ ከረጅም ሽቦ ጋር ይያያዛል፤ ረጅሙ ሽቦ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ ወደተቀመጠ ትንሽ ሳጥን ይሄዳል። ሳጥኑ ላይ ቁልፍና መጫኛ አለ። ቁልፉ ከተነቀለ መጫኛው አይሠራም። ቁልፉ ሳይነቀል ማንም ወደ ሮኬቱ አይሄድም፤ ፈቲያ በዚህ ሕግ ልጆቹን አሰልችታቸዋለች። መቆንጠጫውን ማያያዝ የሊዲያ ሥራ ነበር። ባሩድ ሳይገባበት ሲለማመዱ፣ ሮኬቱ እምቢ አለ ተብሎ ፈቲያ ጎንበስ ብላ ቁልፉን ትነቅላለች፤ ሊዲያ ያንን አይታ ሄዳ ታስተካክላለች።

መጫኛውን መጫን ደግሞ የክብር እንግዳ ፋንታ ነው። እኛ አገር ያለ ክብር እንግዳ የሚጀመር ነገር የለም። ሳጥኑ ጋሽ በራሶ እጅ ላይ ተቀመጠ።

ልጆቹ በጣታቸው ከአሥር ወደ ታች ቆጠሩ፤ እኛ በአፋችን አጀብናቸው። ሦስት። ሁለት። አንድ። ጋሽ በራሶ ጫኑ።

ምንም።

እንደገና ጫኑ። ምንም። ከኋላ የሰፈሩ ሕፃናት ሳቁ። “ሮኬቱ ቁርስ አልበላም!” አለ አንዱ። የጋሽ በራሶ ግንባር በላብ ረጠበ።

“ጋሼ፣ ይተዉት፤ ቁልፉን ልንቀለው” አለች ፈቲያ። ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ሳጥኑ ዘረጋች።

“ቆይ ልጄ። ባትሪው ሰነፍ ነው። ይነሳል።”

ፈቲያ እጇን መለሰች። ከሽማግሌ እጅ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ማን ነጥቆ ይወስዳል? እኔም ብሆን አልወስድም ነበር።

ሊዲያ ግን የፈቲያ እጅ ወደ ሳጥኑ ሲሄድ አይታለች። መመለሱን አላየችም። አንደኛው መቆንጠጫ ከመለኮሻው ወልቆ ሣሩ ላይ መውደቁንም አይታለች። ቁልፉ ተነቅሏል ብላ ወደ ሮኬቱ መሄድ ጀመረች።

መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። የተቀመጥኩት በጎን ነበር። ልጄ ስትራመድ አየሁ፤ የጋሽ በራሶ አውራ ጣት መጫኛው ላይ ሲወርድና ሲነሳ አየሁ። መቆንጠጫውን በመለሰችበት ቅጽበት እሳቱ ፊቷ ላይ እንደሚነሳ ገባኝ።

“ሊዲያ!” ብዬ ጮህኩ።

ሰው ሁሉ፣ ፈቲያም ጭምር፣ ወደ እኔ ዞረ። ከእሷ በቀር።

“ሊዲያ! ሊዲያ! ተመለሽ!” ቦርሳውን ጥዬ ተነሳሁ። ሌላውም ሰው መጮህ ጀመረ። ጋሽ በራሶ ግን ሳጥኑ ላይ እንዳቀረቀሩ ነበሩ፤ ጩኸቱን ሲሰሙ ሕዝቡ የሚያበረታታቸው መሰላቸው፤ አጥብቀው ጫኑ።

ሊዲያ ግማሽ መንገድ ላይ ዘወር አለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ልታየኝ ፈልጋ ይሆናል። ዓይኗ ዓይኔን አገኘ።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቁሙልኝ። ልጄ እያየችኝ ነበር። በመካከላችን ምንም አልነበረም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው፤ “ቁሚ”። አልነበረኝም። ብይ አውቃለሁ፣ ተኚ አውቃለሁ። ቁሚ አላውቅም። እጄ በአየር ላይ ቀረ። አፌ ብቻ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እሷ አፌን አየችው። አፌ ሲንቀሳቀስ አሥራ አንድ ዓመት አይታዋለች። ፈገግ አለችልኝና ተመልሳ መንገዷን ቀጠለች።

ሮጥኩ። ጫማዬ ወለቀ። እንዴት እንደ ደረስኩ አላስታውስም። ሊዲያ ተንበርክካ መቆንጠጫውን ከሣሩ አነሳች። “ኢየሱስ” ማለቴን አውቃለሁ። ከኋላ ቀሚሷን ጨምድጄ ወደ ራሴ ስጎትታት፣ እሷ መቆንጠጫውን አስይዛ ጨርሳ ነበር።

ፍሽሽሽ!

እሳቱ ግራ እጄን ገረፈኝ። ሁለታችንም ወደ ኋላ ወደቅን። በላይዋ ላይ ተገልብጬ ፊቴን ፀጉሯ ውስጥ ቀበርኩ። የባሩድ ሽታ፣ ጭስ። ሮኬቱ ሲሄድ አላየሁም። ጆሮዬ ብቻ ከላይ፣ ከሩቅ፣ ሁለተኛውን ፍሽሽታ ሰማ። ሕዝቡ “ዋይ!” አለ። ሊዲያ ከሥሬ ሆና አንገቷን አውጥታ ሰማዩን ታያለች። ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። የምታለቅስ መስሎኝ ቀና አልኩ። ትስቅ ነበር። ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ፣ ከእኔ በታች ተኝታ፣ ትስቅ ነበር።

ፊቷን ዳሰስኩ። ዓይኗን፣ ቅንድቧን፣ እጇን። ምንም የለም። ጌታ ሆይ፣ ተመስገን።

ከዚያ እጄን አየችው። ሳቋ ጠፋ።

ፈቲያ ደረሰች፤ ጀሪካን ሙሉ ውሃ እጄ ላይ አፈሰሰች። ጋሽ በራሶ ከኋላዋ መጥተው ሣሩ ላይ ዘፍ አሉ። ባርኔጣቸው የት እንደወደቀ እንጃ።

“ገደልኩት! ልጁን ገደልኩት!”

“አልሞተችም ጋሼ። ይኸው፣ ደህና ናት።”

“አንቺስ? እጅሽስ?”

“እጅ ነው። ይድናል።”

ሊዲያ በመካከላችን ቆማ በሁለት እጇ በፍጥነት ማውራት ጀመረች። ወደ እኔ ነበር የምታወራው። አንዱም አልገባኝም።

“ምን አለች?” አልኩ ፈቲያን።

“‘ምን ሆነሽ ነው?’ ትላለች። ቁልፉ እንዳልተነቀለ አሁን ነገርኳት። ‘ታዲያ እማዬ ለምን አልነገረችኝም?’ ትላለች።”

“ጮኼ ነበር በያት። ስሟን ጠርቼ ነበር።”

ፈቲያ በእጇ አስተላለፈች። ሊዲያ መለሰች። ፈቲያ ጀሪካኑን አነሳች።

“ምን አለች?”

“ይቅር እትዬ። አሁን ጤና ጣቢያ እንሂድ።”

“ፈቲያ፣ ምን አለች?”

“‘ዞሬ አይቻታለሁ’ ነው ያለችው። ‘አፏ ይንቀሳቀስ ነበር። አፏ ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል’።”

በቁጣ አልተናገረችውም። ጠዋት ፀሐይ ወጥታለች እንደሚል ሰው ነው ያለችው። ያ ነው የባሰብኝ። ቃጠሎው ምንም አልነበረም።

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጬ፣ “ቁሚ የሚባለው እንዴት ነው?” አልኩ።

“አሁን?”

“አሁን።”

ፈቲያ አንድ መዳፏን ዘርግታ በሌላው እጇ ጎን መታችው። የእኔ ግራ እጅ አልታዘዝ አለኝ። ሊዲያ አየችኝ። የራሷን መዳፍ በእኔ ፊት ዘረጋችልኝ። በደህናው እጄ ጎን የልጄን መዳፍ መታሁት። ቁሚ። የመጀመሪያ ቃሌ ይኸው ነው።

ይርጋጨፌ አልሄድንም። ከሰዓት በኋላ፣ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ከጋሽ በራሶ ሜዳ ወዲያ የምትኖር አንዲት ሴትዮ የሮኬቱን የላይኛውን ክፍል ከነፓራሹቱ ይዛ መጣች። “ይሄ እንሰቴ ላይ ወረደ። የማን ሕፃን ቀሚስ ነው?” አለች። ሊዲያ ከእጇ ነጥቃ አቀፈችው።

አስቴር ሰኞ ልትጠይቀኝ መጣች። እጄን ይዛ ጸለየችልኝ፤ ወዳጄ ናት፤ ዛሬም አብረን እንጸልያለን። ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች።

“ምሕረት፣ ተስፋ ቆረጥሽ እንዴ?”

“አልቆረጥኩም። እየጠበቅኩ አወራታለሁ።”

በቀጣዩ ቅዳሜ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ፈቲያ መጀመሪያ ያስተማረችኝ የልጄን ስም ነው። ለካ በእነሱ ቋንቋ ሌላ ስም አላት። ቅንድብን በጣት መጥረግ ነው፤ ክንፍ ስታለሰልስ አንድ ዓይኗን ጨፍና ስለምታይ ጓደኞቿ ያወጡላት ነው። ሦስት ወር ሙሉ በገዛ ቤቴ ሲጠሯት ኖረዋል፤ እኔ አላውቅም። ታደሰ ከኮንጋ ሲመለስ እሱም ገባ። ባልና ሚስት እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ጣታችንን እናጣምማለን። ጋሽ በራሶም ቅዳሜ አያመልጣቸውም። እንዲያውም ከሁላችንም እሳቸው ይቀድማሉ። “በምልክት እሱና እሷ አንድ ነው! ይሄ ቋንቋ ለእኔ ነው የተሠራው” ይላሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ እናቶች፣ አባቶች፤ እኔ ማንንም ላስተምር አልጻፍኩም። ጸሎት ተዉ አላልኩም፤ እኔም አልተውኩም። ልጃችሁ ፊቷን ወደ እናንተ የመለሰች ቀን ግን የምትሏት አንድ ቃል ይኑራችሁ። እኔ የተማርኩት ይህን ብቻ ነው። እግዚአብሔር ለአሥራ አንድ ዓመት ዝም ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ቀረኝ።

ትምህርቱን በጀመርኩ በስድስተኛው ወር አካባቢ፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ልብስ እየተኮስኩ ሊዲያ መጥታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ አድርጋ፣ ጠየቀችኝ።

“ድሮ በመኪና ወደ ድንኳን የምትወስጂኝ ምን አጥፍቼ ነበር?”

የተሳሳትኩ መሰለኝ። ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ።

“ሰዎቹ ጭንቅላቴን ይዘው ይጮኹብኝ ነበር። አንቺ ታለቅሺ ነበር። ያጠፋሁትን ግን ማንም አልነገረኝም።”

ካውያውን አስቀመጥኩ። 

“አንቺ ምንም አላጠፋሽም” አልኳት። “እኔ ነኝ። ይቅርታ።”

ሊዲያ እጄን አየች። ፊቷን ቋጠረች። ከጠረጴዛው ወርዳ ጠባሳ ያለበትን ግራ እጄን ወደ ጎን አደረገችና የቀኝ እጄን ጣቶች አንድ በአንድ አስተካከለች፤ ይሄኛው ይታጠፋል፣ ይሄኛው እንዲህ ይሆናል። ይቅርታ እንዲህ አይባልም፤ እንዲህ ነው። ድገሚ።

ደገምኩ። አሁንም አልሆነም። እንደገና አስተካከለችኝ።

በሦስተኛው ራሷን ነቀነቀች።